ስለ እትዬ እታለም ጉበት፣ በታላቅ አክብሮት

ለተከበሩ ዶክተር ኪዳነወልድ ይሄይስ
የሰላመ ገላ የመርፌና የዕፅዋት ሕክምና ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በማዕከልዎ በር ላይ ቆሞ ለሚፈትሸን ጥበቃ ሳይቀር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይ ደግሞ ጉበትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉበትዎን ለይቼ መጠየቄ እንግዳ ሊሆንብዎ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን እስከ መጨረሻው የማንበብ ትዕግሥት ካለዎት ያገኙታል።

እኔ ነስረዲን ሙናዊር እባላለሁ። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ጆንያና ገመድ እሸጣለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ በጉልበቴ ግን ሊያስታውሱኝ ይገባል። ማዕከልዎ አኩፓንቸር የሚባለው የቻይና የመርፌ ሕክምና ከቻይና የዕፅዋት መድኃኒት ጋር ለጉልበት ሕመም ይበጅ እንደሆነ ሲያጠና ጉልበታችንን ካዋስናችሁ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። የጥናቱን ውጤት በዚያ ባማረ የሆቴል አዳራሽ ባበሠሩን ዕለትም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እጄን ሳወጣ «ጥያቄ ከምሳ በኋላ ነው» ተባልኩ፤ ከምሳ በኋላ ወንበርዎ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። የሥራዎን ብዛት ስለምረዳ ለመጠየቅ ያሰብኩትን በጽሑፍ አድርጌ፣ እግረ መንገዱን ሌላውም ሰው ያነበው ዘንድ በጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ምስጋናዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ፤ ምሁር ሰው ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ደረጃው አመሰግናለሁ።

ጉልበት የሚያጠና ማዕከል አብነት ሰፈር ካለ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ መክፈት ከተራ ሰው ጭንቅላት የሚወጣ ሐሳብ አይደለም። ሊፍቱ በር ላይ «ለጥገና ቆሟል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱ ራሱ ከማርጀቱ የተነሣ ጥገና የሚያስፈልገው ይመስላል። ከእኔ ጋር ለመመዝገብ የመጡት የሱቅ ጎረቤቴ እትዬ እታለም ናቸው። ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃችን ግድግዳ ይጋራል። በየፎቁ እያረፍን፣ አንዴ እኔ እሳቸውን፣ አንዴ እሳቸው እኔን እየደገፉ ወጣን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የጠበቃ ቢሮ ተላላኪ ከመልመዱ የተነሣ ሲያየን አግዳሚውን ወደ በሩ ይገፋልን ጀመር። አብረውን ከጀመሩት መካከል ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ «ይቅርብኝ፣ ከነሕመሜ ልኑር» ብለው የተመለሱ ነበሩ።

በአዳራሹ «ተሳታፊዎቻችን ገና ከመነሻው የነበራቸው የመንቀሳቀስ አቅም አበረታች ነበር» ሲሉ እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። እንዴት አበረታች አይሆን? የባሰባቸው እኮ ታች ቀርተዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕጣው አመሰግናለሁ።

የመዘገበችን ሜሪ የምትባል የጥናቱ ነርስ ነበረች። ትሑት፣ ነገር የምታስረዳ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ዕጣ ይወጣል። ግማሹ ሰው መርፌውንና መድኃኒቱን አሁን ያገኛል፤ ግማሹ ጥናቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ እሱም በነፃ ይታከማል» አለችኝ።

«የሚጠብቀውስ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«እንደ ወትሮው ይኖራል። ሲያመው እንዴት እንዳመመው እየመጣ ይነግረናል።»

ለእትዬ እታለም መርፌው ወጣላቸው፤ ለእኔ መጠበቁ። ፊቴ ሲጠቁር አይተው «የኔን ውሰድ፣ ነስሩ። አንተ ገና ልጆች የምታሳድግ ነህ፤ እኔ ይህን ጉልበት ይዤ የት ልደርስ ነው?» አሉኝ። ዕቁብ ላይ የወጣልንን ዕጣ ለተቸገረ ሰው መልቀቅ የጨዋ ወግ ስለሆነ፣ እኔም እጄን ዘርግቼ ልቀበል ነበር። ሜሪ ግን አቋረጠችን። «እባካችሁ፣ ይኼ አይለወጥም። እናንተ እየመረጣችሁ ከተቀያየራችሁ ማን በምን እንደዳነ አናውቅም» አለች። ያን ዕለት ተቀይሜያት ወረድኩ። ዛሬ ግን ልክ እንደነበረች ይገባኛል፤ አመሰግናታለሁም። ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ ለሜሪ ያቀረብኩት ምስጋና በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንዳሉት ሌሎች ምስጋናዎች ዓይነት አለመሆኑን ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መዳኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህ ምስጋና ሳይሆን ንስሓ ነው። ባለቤቴ ጠሂራ የወሎ ሰው ናት፤ ቀልድ አታውቅም፣ ዙሪያ ጥምጥምም አትወድም። መታመሜን ለማስረዳት አምስት ፎቅ እንደምወጣ ስነግራት ትንሽ አየችኝና ወደ ሱቄ መጣች። እንደ ሕፃን ተጣጥፌ የምውልባትን አጭር በርጩማ አንስታ ለጎረቤት ሰጠችና ከቤት ባለ መደገፊያ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ክረምቱ ወጣ፣ ብርዱም ቀነሰ። ከዕለታት አንድ ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ ደንበኛ ከሸኘሁ በኋላ ነው ሳላቃስት መነሣቴ ትዝ ያለኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ደስ እያለኝ ነገርኳችሁ። ሜሪ ሳቀች። «ጋሼ፣ የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገን ለዚህ እኮ ነው። ሕመም በራሱ ጊዜ ሲቀልል መርፌው ነው ያዳነው እንዳንል» አለች። በዚህ መሐል እርስዎ ገቡ። ፋይሌን አገላብጠው እንደ ፖሊስ መረመሩኝ።

«ምን ወስደው ነው?»

«ምንም።»

«ወጌሻ ጋ ሄደዋል?»

«አልሄድኩም።»

«ዱዓስ አስደርገዋል?»

«ዱዓስ አይቀርም፤ ጉልበቴን ለይቼ ግን አላነሣሁም።»

«እስቲ ደረጃውን ሲወጡ እንደነበር አድርገው ያስቡት። እርግጠኛ ነዎት አያምዎትም?»

ክቡርነትዎ፣ እርስዎን ደስ ለማሰኘት ብዬ ትንሽ እንኳ እንዲያመኝ በጣም ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። በሳምንቱ ተደውሎ፣ የጥናቱን ደንብ ባለማክበር ስለተጠረጠርኩ መሰናበቴ ተነገረኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከብዙ ቦታ ተባርሬ አውቃለሁ፤ በመዳኔ የተባረርኩት ግን ከእርስዎ ዘንድ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለ እትዬ እታለም።

እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደማመሰግን ስላላወቅሁ የሆነውን ብቻ እነግርዎታለሁ።

እትዬ እታለም መርፌውን ወደውት ነበር። ይህን አልደብቅም። «እንደ ትንኝ ነክሶ ያልፋል። ከዚያ እዚያ ተጋድሜ ማንም አይጠራኝም፣ ማንም ዋጋ ቀንሺ አይለኝም» ይሉን ነበር። እኒህ ሴት በጠራራ ፀሐይ ጋደም ብለው የሚያውቁት በእናንተ አልጋ ላይ ብቻ ይመስለኛል። ጉልበታቸውም ቀለል እንዳላቸው በአፋቸው ተናግረዋል።

ከመርፌው ጋር በከረጢት የታሸገ ቡናማ ዱቄት ይሰጣቸው ነበር፤ ጧትና ማታ አፍልቶ መጠጣት ነው። የመድኃኒት ክፍልዎ ሰው ሲያስረክባቸው «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም» አላቸው። እትዬ እታለም ስቀው «ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፣ ልጄ» አሉት። እንዲህ ብለውም ግን ጠጡት፤ እጠጣለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበራ።

ቆይቶ ያሳክካቸው ጀመር። ቀጥሎ ምግብ ዘጋቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት የበርበሬ ሽታ ያስመልሳቸው ጀመር። ሌላም ምልክት ነበር፤ ሽንታቸው እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር፤ አፍረው ስለደበቁን ግን ኋላ ነው የሰማነው። ወደ ማዕከልዎ ደወሉ። የመድኃኒት ክፍልዎ «አይስጉ፣ ሰውነትዎ ቆሻሻውን እያስወጣ ነው። ውሃ ይጠጡበት፤ ብቻ እንዳያቋርጡ» አላቸው። አላቋረጡም።

ታዲያ ግድግዳ የምትጋራቸው አንተ የት ነበርክ ቢሉኝ ልክ ነዎት። እዚያው ነበርኩ። እትዬ እታለም ግን ከበርበሬው ሌላ እርድ ነው የሚሸጡት። እጃቸው ቢጫ ነው፣ የነጠላቸው ጫፍ ቢጫ ነው፣ ቅንድባቸው ላይ እንኳ እርድ ይቀመጣል። የሚሰጡን መልስ ገንዘብ ሳይቀር ቢጫ ነው። በበረንዳው ያለን ሰዎች ሁሉ እሳቸውን ቢጫ ሆነው ነው የምናውቃቸው። የሱቃቸው ውስጥ ደግሞ ጨለም ያለ ነው።

በአማኑኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ፣ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ እኔ በር ላይ ትንሽ አረፍ አሉ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ታበራባቸዋለች። ቀና ብለው ሲያዩኝ ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ ዛሬ ታጥበዋል?» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት የባለጌ ጥያቄ ነው! ሳልታጠብ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው ዓይንዎ ውስጥ ያለው እርድ አይደለም።»

ጠሂራ ከውስጥ ወጥታ አየቻቸውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ ሜሪ ደወልኩ። ልጅቷ አንድም ነገር አላስተባበለችም። «አሁኑኑ ያቁሙ። የቀረውን ከረጢት ይዛችሁ ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ፤ ነገ አትበሉ። እኔ ለአለቆቼ እናገራለሁ» አለችኝ።

በሆስፒታሉ የተቀበለን ሐኪም ደማቸውን አስመርምሮ ጉበታቸው ክፉኛ እንደተጎዳ ነገረን። ምን እንደወሰዱ ሲጠይቅ ከረጢቱን ሰጠሁት። ከረጢቱ ላይ በቻይንኛ ብዙ ነገር ተጽፏል፤ በአማርኛ ግን «ዕፅዋት» የሚል ቃል ብቻ። ማዕከልዎ ጋ ደውሎ፣ አልጋ ላይ የወደቀች በሽተኛ እንዳለችው አስረድቶ፣ ይዘቱን ጠየቀ። ጥናቱ እስኪያልቅ ምሥጢር መሆኑ ተነገረው። ሐኪሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲህ የማናውቀውን ነገር እንታገላለን» አለኝ። እኔ የሐኪም ፈገግታ እንጂ የሐኪም ንዴት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስላሳዩኝ ለእርስዎ ምስጋና ይድረስዎ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። እትዬ እታለም እየቃዡ ደንበኛ ያስተናግዱ ነበር፤ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ይመዝናሉ። ጠሂራ ራስጌያቸው ተቀምጣ ቁርዓን ትቀራለች፤ የእኅታቸው ልጅ ግርጌያቸው ሆና ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ እመላለሳለሁ። ልባቸው መለስ ሲልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጉበታቸው አልነበረም፣ ስለ ሱቃቸውም አልነበረም።

«ነስሩ፣ አቋረጥኩባቸው አይደል? ቃሌን በላሁ?» አሉኝ።

ምን ልመልስላቸው ነበር፣ ክቡርነትዎ? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። እኔ የቻልኩት ወደ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ማልቀስ ብቻ ነበር።

ፈጣሪ ይመስገን፣ ዱቄቱ ከቆመ በኋላ ጉበታቸው በዝግታ እየተመለሰ ሄደ። ዛሬ በሱቃቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። ከስተዋል፣ ቶሎ ይደክማቸዋል፣ ሚዛኑን የምታነሣው የእኅታቸው ልጅ ናት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከማዕከልዎ ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሜሪ፣ ብርቱካን ይዛ፣ በእሑድ ቀን። እሷም ቢሆን ከማዕከልዎ መጣች ለማለት ያስቸግራል፤ ለአለቆቿ የሆነውን ከተናገረች በኋላ ሥራዋን እንደለቀቀች ነግራናለች። ለቀቀች ነው ያለችው። ፊቷን አይተን ሌላ አልጠየቅናትም።

አምስተኛ፣ ስለ አዳራሹ አመሰግናለሁ።

ወንበሩ ምቹ ነበር፣ የታሸገው ውሃም ቀዝቃዛ። በትልቁ መጋረጃ ላይ ያማሩ ሥዕላዊ ማሳያዎች አየን። ከዚያ እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦ «ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የለም። ጥቂት ተሳታፊዎች በራሳቸው ፈቃድ አቋርጠዋል።» ሰው አጨበጨበ። እኔ እትዬ እታለምን ከዳኑት መካከል ፈለግኳቸው፣ የሉም። ከተጎዱት መካከል ፈለግኳቸው፣ የተጎዳ የለም። ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ እሳቸውና እኔ «በራሳቸው ፈቃድ» ካቋረጡት ጋር አንድ ጥግ ላይ ተጥለናል። እኔ ያለ እናንተ ስለዳንኩ፣ እሳቸው በእናንተ ስለታመሙ። ሁለታችን ከወጣን የቀረው ሁሉ ያማረ ነው።

በእኛ በረንዳ የጆንያውን አፍ በማለፊያ በርበሬ ሸፍኖ ከሥር ሻጋታ የሚጠቀጥቅ ነጋዴ አይጠፋም። ጆንያውን የምሸጥለት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ገበያው ስም አውጥቶለታል፤ ተመራማሪ ግን አላለውም።

እንዳይሳሳቱብኝ አደራ። የመርፌ ሕክምና አይሠራም ብዬ ልከራከርዎ አልመጣሁም፤ እኔ ምን አውቄ? ምናልባት ይሠራ ይሆናል። እትዬ እታለም ራሳቸው ዛሬም ስለ መርፌው ክፉ አይናገሩም። ከሩቅ የመጣ መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው የሚል ሰውም አይደለሁም፤ እኔ የምሸጠው ጆንያ ራሱ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ግን ይሠራ አይሠራ፣ ያድን ይግደል፣ የምናውቀው እናንተ ያያችሁትን ስትነግሩን ብቻ ነው። እኛ ጉልበታችንን የሰጠናችሁ እውነቱን እንድትነግሩን ነበር። ካሣ አልጠየቅንም። የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በውጤታችሁ ላይ አንዲት ሴት ጉበቷ እንደተጎዳ እንድትጽፉ፣ ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለም ለሐኪሙ እንድትነግሩት።

ውድ ጊዜዎን ለተራ ጆንያ ሻጭ ስለሰጡ እጅግ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ ማዕከልዎ ከፎቅ ወደ ፎቅ ከፍ እንዲል፣ ሊፍቱ ግን አስቀድሞ እንዲጠገን እየተመኘሁ፣ ከጥናትዎ የተሰናበትኩ፣ ከአክብሮቴ ግን ገና ያልተሰናበትኩ፣

ነስረዲን ሙናዊር
ከበርበሬ በረንዳ፣ አዲስ ከተማ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእትዬ እታለም አነበብኩላቸው። ሳይስቁ ሰሙኝና «ስድቡ በዝቷል፤ እሱም እናት አለው» አሉኝ። የቱን ላውጣው ስላቸው ግን ሌላ ነገር አነሡ። «መርፌ ስወጋ ከመጋረጃው ማዶ የምትተኛ ሴትዮ ነበረች። ፊቷን አይቼ አላውቅም፤ በመጋረጃው ሥር እናወራ ነበር። ከጎጃም በረንዳ ነው የምመጣው ትለኝ ነበር። ያንኑ ዱቄት ነው የምትጠጣው። ስሟን አልጠየቅኳት። የሷን ዓይን ማን አየላት?»

እኔ ጎጃም በረንዳን ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ጠየቅሁ፤ ስሟ የማይታወቅ ሴት ማን ይጠቁማል? አላገኘኋትም። እርስዎ ዘንድ ግን ስሟም፣ ስልኳም አለ። ለእኔ መልስ መጻፉ ይቅርብዎ፤ ለእሷ ይደውሉላት።